ከአባታቸው አንደበት የቀዱት ባለቅኔ

ጠዳን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲወረድ መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። እኔ እዚያ ማታ ማታ ፊደል የማስቆጥር ዘማች ተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል። ቀን ሲያርሱ፣ ሲያርሙ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲሰብሩ ውለው፣ ሲመሽ ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ፊደሉን ጨርሰው አጫጭር ዐረፍተ ነገር ማንበብ ጀምረዋል።

አንድ ማታ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «መንግሥቱ ለማ ባለቅኔና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ» ብዬ ጻፍሁ። «ዩኒቨርሲቲ» የምትለው ቃል ብዙ ሰው አስቸገረች። አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ መሐል ላይ ቆሙ፤ በአራተኛው ተሻገሯት። አጨበጨብንላቸው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ዐረፍተ ነገሩን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አነበብሁት። ደግ ነው። ግን እኒህ ሰው ለእኔ ምኔ ናቸው? በሬ ይጠምዱልኛል? ጎተራዬን ይሞሉልኛል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ውልና ስለ ደረሰኝ ስንጽፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የእነዚያ ጥቅም ይታያላ! የባለቅኔ ጥቅሙ ግን ምኑ ላይ ነው? በዚያች ሌሊት ያልመለስሁትን ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ልመልስ። ትንሽ ይረዝማል፤ በሁለት ማታ ከፍላችሁ ብታነቡት አይከፋም።

የቅኔ ሊቅ ልጅ

የመንግሥቱ ለማ አባት አለቃ ለማ ኃይሉ ይባላሉ። የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ቅኔ ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ልንገር ብል «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብኛል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም ያላየ ማን አለ? ውሻ እየተከላከለ የለመናትን ቁራሽ ይበላና ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው። ወርቁ ከሥር የተቀበረው ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ በየጊዜው አዲስ መፍጠር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ትምህርት በአብዛኛው የሚያዘው በቃል ነው። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ተቀብሎ በልቡ ያኖራል። ቤት ቢቃጠል፣ ደብተር ቢጠፋ፣ በልብ ያለው አይጠፋም። ግን ሰውየው ራሱ ሲሞትስ? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አቶ መንግሥቱ የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ገደማ ነው። በልጅነታቸው ሐረር ነበሩ። ከአባታቸው እግር ሥር ሆነው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ቅኔም ቀመሱ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ኮተቤ ከነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ለንደን ሄዱ።

ለንደን ውስጥ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማሩ። ኢኮኖሚክስ ማለት የአንድ አገር ሀብት እንዴት እንደሚመረት፣ ማን እንደሚያገኘው፣ ለምን አንዱ ጠግቦ ሌላው እንደሚራብ የሚጠናበት ትምህርት ነው። ነገር ግን የሰውየው ልብ ወደ ተውኔት አደላ። ተውኔት ማለት ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው የሰውን ኑሮ አስመስለው የሚያሳዩት ጨዋታ ነው። በዚያ አገር በርናርድ ሾው የሚባል ስመ ጥር ጸሐፊ ነበር። ሕዝቡን እያሳቀ የሀብታሙን ግብዝነት የሚያጋልጥ ሰው ነበር። አቶ መንግሥቱ ከእርሱ ብዙ ተምረዋል። እያሳቁ መውጋት ማለት ይህ ነው። ነገሩ ግን ለቅኔ ሊቅ ልጅ እንግዳ አይመስለኝም። በሰም አስቆ በወርቅ መውጋት የቅኔ ቤት ሥራ አይደለም እንዴ?

ከእንግሊዝ ተመልሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠሩ። በህንድ አገርም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ለዓመታት አገልግለዋል። ይህን በአጭሩ ልለፈው። የቢሮ ሥራቸውን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የጻፉትን ግን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ባሻ አሽብር አሜሪካ ሄዶ ምን ገጠመው?

ከግጥሞቻቸው ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው «ባሻ አሽብር በአሜሪካ» የሚባለው ነው። ባሻ የድሮ ማዕረግ መሆኑን አባቶች ታውቃላችሁ። ባሻ አሽብር ኩሩ ሰው ነው። በአገሩ የተከበረ ነው። አሜሪካ ሲሄድ ግን ማንም ማዕረጉን አይጠይቀውም፤ የሚያዩት የቆዳውን ቀለም ብቻ ነው። ስለ ቀለሙም ይንቁታል፣ ያዋርዱታል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይበላ የሚከለክሉ ግዛቶች ነበሩ። ይህን አድልዎ በመላው አገር የሚያግድ ሕግ የወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፍን ነንና፣ የሌላው ጥቁር ሕዝብ መከራ እኛን አይነካንም ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ነበር። ግጥሙ ያንን ሰው እያሳቀ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። እኔ መጀመሪያ ያነበብሁት አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ነው። ስስቅ ቆይቼ መጨረሻው ላይ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እዚህ ጋዜጣ ላይ ግጥሙን አላወርደውም፤ መጽሐፉን አግኝታችሁ ራሳችሁ እንድታነቡት ነው የምፈልገው።

ተውኔቶቻቸውም እንዲሁ የሚያስቁ ናቸው። «ጠልፎ በኪሴ» የሚለው ስለ ጠለፋ ነው። ጠላፊዎቹ ደግሞ የከተማ ዘመናይ ወጣቶች ናቸው። ጠለፋ የገጠር ሰው ጥፋት ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለጋብቻ ብሎ ሴት የጠለፈን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ይህን ማታ ክፍል ውስጥ ስናነብ ወንዶቹ ጸጥ አሉ። ሴቶቹ ግን «እስቲ ድገመው!» አሉኝ። ደገምሁት።

«ያላቻ ጋብቻ» የሚለው ደግሞ ለእኛ ለዘማቾች የተጻፈ ይመስለኛል። አንድ የባላባት ዘር የሆነ ወጣት ውጭ አገር ተምሮ ይመጣል። ዘመዶቹ ሹመትና ትልቅ ጋብቻ ይጠብቁለታል። እሱ ግን ገጠር ወርዶ መንደርተኛውን ማስተማር ይመርጣል። ይባስ ብሎም የቤት ሠራተኛ የሆነችውን ልጅ ላግባ ይላል። ዘመድ ይንጫጫል። «አቻህ አይደለችም!» ነው ነገሩ። ዘርና ሀብት እያዩ ሰውን ከሰው ማበላለጥ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ እያሳቀ ያሳያል። ሌላው ተውኔታቸው ስሙ «ባለ ካባና ባለ ዳባ» ነው። ካባ ማን ይለብስ እንደነበር፣ ዳባስ የማን ልብስ እንደነበር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የውጭ አገር ተውኔትም ወደ አማርኛ መልሰዋል። ከእነዚህ አንዱ የእንግሊዙ የፕሪስትሊ ሥራ ሲሆን በአማርኛ «ጠያቂ» ይባላል። በአንድ ሀብታም ቤት ውስጥ ሁሉም ተድላ ላይ ሳሉ አንድ ጠያቂ ይመጣል። አንዲት ድሀ ልጅ ሞታለች። ጠያቂው አንድ በአንድ ሲመረምር፣ በልጅቱ ሞት የሁሉም እጅ እንዳለበት ይገለጣል። አንዱ ከሥራ አባርሯታል፣ ሌላው አታሏታል፣ ሌላዋ እርዳታ ከልክላታለች። ማንም ብቻውን አልገደላትም፤ ግን ሁሉም ገድለዋታል።

ግጥም በስንት እስትንፋስ ይቆማል?

አቶ መንግሥቱ ባለቅኔ ብቻ አልነበሩም፤ ተመራማሪም ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር የጻፉት ጥናት በአዲስ አበባ በሚታተም የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ወጥቷል። ነገሩ ከባድ ይመስላል እንጂ እናንተ በየቀኑ የምታደርጉት ነው። እስቲ ከእርሻ መልስ የሚሆን አንድ ስንኝ እኔ ልግጠም። ባለቅኔ አይደለሁምና አትሳቁብኝ።

በሬዬን ጠመድሁት ገና ሳይነጋጋ፣
ጤፉም ይበቅል ነበር ዝናቡ ቢረጋ።

አሁን በጣታችሁ ቁጠሩ። ፊደሉን ግን አትቁጠሩ፤ አፋችሁ የሚከፈትበትን ጊዜ ቁጠሩ። በ - ሬ - ዬን - ጠ - መድ - ሁት። ስንት ሆነ? ስድስት። ገ - ና - ሳይ - ነ - ጋ - ጋ። ይኸውም ስድስት። «ዬን» ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን አንድ ነው፤ ምክንያቱም «ን» ብቻዋን አትቆምም፣ በ«ዬ» ላይ ትደገፋለች። አንዱን እንዲህ ያለ ድምፅ ሊቃውንት «ቀለም» ይሉታል። ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ማረፊያ፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ይህ ዓይነት አገጣጠም «የወል ቤት» ይባላል። የወል መባሉ የሁሉም ስለሆነ ነው፤ እንደ ወል ግጦሽ፣ እንደ ወል ምንጭ። አምስት አምስት እየሆነ የሚሄደው ደግሞ «ሰንጎ መገን» ይባላል።

ይህን ባስተማርሁ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ለቅሶ ቤት ሙሾ በማውረድ የታወቁ እናት ናቸው። ፊደል የለዩት ገና በቅርቡ ነው። ያን ዕለት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ያለ ሐዘን ሙሾ ማውረድ ሞት ይጠራል ይባላልና። ቆጥረው ሲጨርሱ «ኧረ እንዴ! የኔም ስድስት ስድስት ነው!» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲገጥሙ ኖረው ልክ እንዳለው የሚነግራቸው ሰው አላገኙም ነበር። አንድ ጊዜም ሳይስቱ ግን ልኩን ጠብቀው ኖረዋል። አቶ መንግሥቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ገበሬው፣ አዝማሪው፣ አልቃሿ በጆሮ ብቻ የሚያውቁትን ልክ አዳምጠው፣ ቆጥረው፣ በወረቀት አሰፈሩት።

ያዙልኝ ያልኋችሁ ጥያቄ

አሁን ሰውየው ሲሞትስ ወዳልነው እንመለስ። አለቃ ለማ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። ነገር ግን ያ ሁሉ ታሪክ፣ ያ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ፣ ከሽማግሌ የሰሙት የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሬ፣ ስለ አፄ ዮሐንስና ስለ አፄ ምኒልክ ዘመን ያዩትና የሰሙት፣ በልባቸው ነው የተቀመጠው። ሸመገሉ። ልጃቸው ለንደን የተማረ፣ ብዙ የፈረንጅ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ምን ያደርጋል? የአባቱን ወሬ «የድሮ ተረት» ይለዋል። ሰዓቱን አይቶ ይነሳል።

አቶ መንግሥቱ ግን ተቀመጡ። አባታቸው ሲናገሩ ከአንደበታቸው ቀዱ። የተናገሩትንም ወደ ጽሑፍ መለሱ። መጽሐፉ በ1959 ዓ.ም. ወጣ፤ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ይባላል። የሽማግሌው ንግግር እንዳለ ነው ያለው። ሽማግሌ ሲናገር ወሬውን ያቋርጣል፣ ሌላ ያነሳል፣ ይረሳል፣ መልሶ ያገኛል። ልጁ ይህን ልጠርበው፣ ላሳምረው አላሉም። ያነበበው ሰው አንድ አዛውንት አጠገቡ ተቀምጠው የሚያወሩት ነው የሚመስለው። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን መጽሐፍ ያገላብጠዋል።

«የአባቶች ጨዋታ» የሚባል ሌላ መጽሐፍም አላቸው። የድሮ ሊቃውንት የተጨዋወቱትን ቀልድና ብልሃት የያዘ ነው። እነዚያ ጨዋታዎች በየማኅበሩ፣ በየዝክሩ ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። ተናጋሪው ጠላውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጨዋታውም አብሮት ይሄድ ነበር። አሁን በመጽሐፍ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ውሸታም እሆናለሁ። አያቴ ገበሬ ነበሩ። ፉከራ ያውቁ ነበር። የፉከራቸው ብዛት! ሰርግ ላይ ሲነሱ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ስለ አባታቸውና ስለ አያታቸው፣ በየትኛው ዘመን ከማን ጋር እንደዘመቱ፣ የትኛው ወንዝ ላይ እንደቆሰሉ በግጥም ይናገሩ ነበር። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። ደብተር ነበረኝ። እስክሪብቶ ነበረኝ። በዚያ ደብተር ላይ የሌላ አገር ወንዞችን ስም እየጻፍሁ እሸመድድ ነበር። ጥፋት አይደለም፤ ፈተና ላይ ይመጣልና። አንድ ቀን አያቴ «ና እስቲ ይህችን ጻፋት» አሉኝ። «ነገ» አልኋቸው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ። በዚያው ዓመት በሰኔ ሞቱ። ዛሬ ከፉከራቸው የማስታውሰው ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ ቤት አይመታም፤ የተሳሳትሁት እኔ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እናቴን ብጠይቃት «ወንዙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር» አለችኝ። ወንዙ ማን ይባል እንደነበር ግን አታስታውስም።

ለዚህ ነው የአቶ መንግሥቱን ታሪክ ስጽፍ እጄ የሚፈጥነው። ባሻ አሽብርን ማንም ጎበዝ ገጣሚ ሊሞክረው ይችል ይሆናል። የአለቃ ለማን ቃል ግን ያን ጊዜ፣ ያ ልጅ ካልጻፈው በቀር ሌላ ማንም ሊጽፈው አይችልም ነበር።

መምህሩ

አቶ መንግሥቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተሸልመዋል። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ ትምህርት ክፍል መምህር ሆኑ። ወጣቶችን ተውኔት እንዴት እንደሚጻፍ አስተማሩ። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። አባትየው ቅኔ አስተማሪ፣ ልጅየው ተውኔት አስተማሪ። አንዱ የአብነት ተማሪ አስተማረ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ወንበሩ ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በአፍሪካ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ኡጋንዳ የሚባለው አገር በደቡብ በኩል ነው፤ የእኛው ዓባይ ጥቁሩ ሳይሆን ነጩ የሚያልፍበት ነው። እዚያ ኦኮት ፒቢቴክ የሚባል ባለቅኔ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ተወልዶ በ1982 ሞተ። እሱም ውጭ አገር ተምሮ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ትልቁ ግጥሙ «የላዊኖ ዘፈን» ነው። ላዊኖ የገጠር ሴት ናት። ባሏ የፈረንጅ ትምህርት ተምሮ ሲመጣ እሷን ይንቃታል፤ አለባበሷንም፣ ምግቧንም፣ የአባቶቹንም ዘፈን ይንቃል። እሷም በግጥም ትወቅሰዋለች፣ ትቀልድበታለች። ኦኮት ይህን ግጥም መጀመሪያ የጻፈው በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በአቾሊ ነበር። ማታ ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ «እኛም አገር ሞልቷል እንዲህ ያለ ባል!» አሉና ሌላ ሳቅ ሆነ።

አቶ መንግሥቱ ለማ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. አረፉ። ከሞቱ በኋላ ስለ ራሳቸው ሕይወት የጻፉት «ደማሙ ብዕረኛ» የተባለ መጽሐፍ ታትሟል። የአባታቸውን ታሪክ የጻፉት ሰው የራሳቸውንም ጽፈው አለፉ። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ገደማ ነበር። በእኛ መንደር በዚህ ዕድሜ ሞፈር ትከሻቸው ላይ አድርገው የሚሄዱ አሉ። ምን ያህል ሌላ ሊጽፉ ይችሉ እንደነበር ሳስብ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ወደ ማታው ክፍል ልመለስ። ይህን ሁሉ ታሪክ በሦስት ማታ ከፋፍዬ ነገርኋቸው። በሬ ይጠምዱልኛል ወይ ብለው የጠየቁኝ አባት ሦስቱንም ማታ ዝም ብለው ሰሙ። በአራተኛው ማታ ቀሩ። አምስተኛውም ላይ አልመጡም። ነገሩ አልጣማቸውም ብዬ አዘንሁ። አጨዳ ላይ ናቸው ያለኝም ነበር።

በሳምንቱ መጡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ደብተር አወጡ። ደብተሩ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጽፋለች። የራሳቸው እጅ ገና ቀርፋፋ ስለሆነ ነው እንጂ ራሳቸው ቢጽፉት ይወዱ ነበር። የጻፉት ፉከራ አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። የአባታቸው ማሳዎች ስም ነው። እያንዳንዱ ማሳ ለምን እንዲያ እንደተባለ፣ ማን እንደመነጠረው፣ በየትኛው ክፉ ዓመት ምን እንደተዘራበትና ምን እንደተገኘበት ነው።

«እኔ ስሞት ይህን የሚያውቅ የለም። ልጆቼ እንኳ ግማሹን በቁጥር ነው የሚጠሩት» አሉኝ።

ከዚያ ብርሃኑ አጠገብ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ ለክፍሉ ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ማሳ አለፉ። ሁለተኛውንም አለፉ። ሦስተኛው ላይ ጥቁር በሬ የሞተበት ማሳ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። አንዴ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ይህ ስሕተት ነው» አሉ።

ሄጄ አየሁ። ልጅቱ «ጥቁር» ብላ ልትጽፍ «ር»ን ዘልላታለች። እርሳሴን አወጣሁና ላስተካክለው አጎነበስሁ። አባትየው ግን እጄን ያዙኝና እርሳሱን ከጣቴ ወሰዱ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ በሬው የኔ ነው» አሉና፣ በሁለቱ ቃላት መሐል በነበረችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ አንዲት ትልቅ «ር» ጻፉ።